ከፈተናው ጓዳ የወጣ ሹክሹክታ

ፈተና ስናወጣ መጀመሪያ የምንጽፈው መልሱን ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን ተማሪ ፊት ብዙም አንናገረውም፤ ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ የምንሄደው ከጥያቄ ወደ መልስ ስለሆነ፣ ነገሩ በጓዳ በኩል እንዴት እንደተሠራ ለማሳየት ሰዓቱ አይበቃንም። የፍሬሽማን ካልኩለስ የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያወጣና የሚያርም ሰው ግን ውሎው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። «ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ» ደግሞ ጓዳውን ማየት ከየትኛውም ርዕስ በላይ የሚጠቅምበት ነው። ብዙ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ገና በሁለተኛ ደረጃ ያገኘዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደገና ይጠብቀዋል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅም ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጠጋ በሉና የማውቀውን ልንገራችሁ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ መልሱ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ተማሪውም አራሚውም በቁጥር ይጨናነቃሉ። ፈታኙ ታዲያ ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ብዜት ይጽፋል፤ ለምሳሌ (ኤክስ − 1)ኢ^ኤክስ። (^ ምልክት ቀጥሎ ያለው ርቢ መሆኑን ያሳያል።) ዴሪቬቲቩን ሲወስድ ኢ^ኤክስ + (ኤክስ − 1)ኢ^ኤክስ ያገኛል፤ ሲቃለል ኤክስ·ኢ^ኤክስ ብቻ ይቀራል። ጥያቄው ተገኘ፦ ∫ ኤክስ·ኢ^ኤክስ ዲኤክስ። ቀጥሎ ሊሚቶቹን ይመርጣል። ከ0 እስከ 1 ካደረገው፣ ላይኛው ጫፍ ላይ (ኤክስ − 1) ዜሮ ይሆንለታል፣ ታችኛው ላይ −1 ይተርፋል፤ ሲቀናነስ መልሱ 1 ነው። በኤል.ኤን ኤክስ ላይም ያንኑ ያደርጋል፦ ከ1 እስከ ኢ ኢንተግሬት ሲደረግ መልሱ አሁንም 1 ይመጣል። ኤክስ·ሳይን ኤክስ ከ0 እስከ ፓይ ሲሆን ደግሞ ፓይ ራሱ ይወጣል።

ይህን ካወቃችሁ ሊሚቶቹ ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። 1 እና ኢ ካያችሁ፣ ፈታኙ ሎጋሪዝሙ አንዱ ጫፍ ላይ 0፣ ሌላው ጫፍ ላይ 1 እንዲሆንለት ፈልጎ ነው። 0 እና የፓይ ግማሽ ካያችሁ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ከሳይንና ከኮሳይን አንዱ እንዲጠፋ ታስቦ ነው። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ሊሚቶቹን ተመልከቱ። እንዲህ ያሉ ሊሚቶች ያሉት ጥያቄ ላይ ሠርታችሁ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ የተዝረከረከ ክፍልፋይ ከወጣላችሁም፣ ወደ ኋላ ተመለሱና ምልክቶቹን ፈትሹ። መዝረክረኩ ብቻውን ስህተት መኖሩን አያረጋግጥም፤ መጠርጠር ግን ይገባል።

ቀመሩ ከየት እንደመጣ ብዙ ተማሪ አንድ ቀን ሰምቶታል፤ ከሸመደደው በኋላ ግን ይረሳዋል። የሁለት ፈንክሽኖች ብዜት ሲለወጥ፣ ለውጡ ከሁለቱም ወገን ይመጣል፦ ዲ(ዩቪ) = ዩ ዲቪ + ቪ ዲዩ። ሁለቱን ወገን ኢንተግሬት አድርጎ አንዱን ወደ ማዶ ማሻገር ነው የቀረው፦ ∫ ዩ ዲቪ = ዩቪ − ∫ ቪ ዲዩ። በሌላ አነጋገር የብዜት ዴሪቬቲቭ ሕግ ተገልብጦ ተጻፈ። ጎትፍሪድ ላይብኒዝ ∫ የምትባለዋን ምልክት በማስታወሻው ላይ መጀመሪያ የጻፋት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1675 ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 11 ላይ፣ ዲ(ዩቪ) እንዲያው በቀላሉ የዲዩ እና የዲቪ ብዜት ይሆን ይሆን ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ በምሳሌ ሞክሮትም እንደማይሆን አረጋገጠ። ትክክለኛውን ሕግ ብዙም ሳይቆይ አገኘው፤ ዲፈረንሺያል ካልኩለሱን ደግሞ በ1684 አሳተመው። ባይ ፓርትስን የሒሳብ ታሪክ የሚሰጠው ለእንግሊዛዊው ለብሩክ ቴይለር ነው፤ በ1715 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። በስሙ የሚጠራው የቴይለር ቀመርም ባይ ፓርትስን ደጋግሞ በመሥራት ይወጣል፤ ይህን ብዙ ተማሪ ሳያውቀው ይመረቃል።

ላይብኒዝን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በፍሬሽማን ወረቀቶች ላይ እጅግ ተደጋግሞ የሚመጣው ስህተት እርሱ በዚያች ቀን የመረመረው ነው። ∫ ኤክስ·ኮሳይን ኤክስ ዲኤክስ ሲባል ኤክስን ለብቻው፣ ኮሳይንን ለብቻው ኢንተግሬት አድርጎ ½ኤክስ²·ሳይን ኤክስ ብሎ የሚያባዛ ተማሪ በየፈተናው አለ። ለዚህ መልስ ነጥብ የሚሰጥ የመልስ ቁልፍ አላየሁም፤ ሌላ ምንም ባትጽፉ እንኳ ቀመሩን ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የቱን ዩ፣ የቱን ዲቪ እንበል? ተማሪ ሁሉ በቃሉ የያዛት «ላይኤት» የምትባል ቃል አለች። የሎጋሪዝም፣ የኢንቨርስ ትሪጎኖሜትሪ፣ የአልጀብራ፣ የትሪጎኖሜትሪና የኤክስፖነንሻል ፈንክሽኖች የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ ከሁለቱ ተባዢዎች በዚህ ተራ ቀድሞ የመጣው ዩ ይሁን ትላለች። ብዙ ሰው ከጥንት የመጣች ይመስለዋል። ጽፎ ያሳተማት ኸርበርት ካሱቤ ነው፤ በ1983 «ዘ አሜሪካን ማቲማቲካል መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በአጭር ጽሑፍ። ጥሩ መንገድ ናት፤ ብዙውን የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ታሻግራለች።

ሹክ የምላችሁ ግን ይህን ነው፦ እናንተ እንደሸመደዳችኋት ፈታኙም ያውቃል። ተራ ጥያቄዎቹን በእርሷ እንዲፈቱ አድርጎ ያወጣቸዋል። ከፍተኛውን ውጤት የሚለየውን ጥያቄ ሲያዘጋጅ ግን እርሷ የማትሠራበትን ይፈልጋል። ∫ ኤክስ³·ኢ^(ኤክስ²) ዲኤክስን ውሰዱ። በላይኤት ከሄዳችሁ ኤክስ³ ዩ ይሆንና ኢ^(ኤክስ²) ዲቪ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ላይ መንገዱ ያልቃል፤ የኢ^(ኤክስ²) ኢንተግራል በምናውቃቸው ተራ ፈንክሽኖች ሊጻፍ አይችልም። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ሊዩቪል በ1830ዎቹ የመሠረተው ንድፈ ሐሳብ ይህ በድካም የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ያረጋግጣል። መውጫው ከኤክስ³ ውስጥ አንዲት ኤክስ ቆርሶ ለኢ መስጠት ነው። ዲቪን ኤክስ·ኢ^(ኤክስ²) ዲኤክስ አድርጉት፤ ቪ ½ኢ^(ኤክስ²) ይሆናል። ዩ ደግሞ የቀረችው ኤክስ² ናት። መልሱ ½(ኤክስ² − 1)ኢ^(ኤክስ²) + ሲ።

ሌላ ልጨምር፤ ይህኛውን ብዙ ፈታኝ ይወደዋል፦ ኤክስ·ኢ^ኤክስ ለ(ኤክስ + 1)² ሲካፈል። ሦስት ነገር ስላለበት ተማሪው ይደነግጣል፤ የትኛውን ከየትኛው ይለይ? ዩን ሙሉውን ኤክስ·ኢ^ኤክስ አድርጉት፤ ዲቪን 1/(ኤክስ + 1)² ዲኤክስ። የዩ ዴሪቬቲቭ (ኤክስ + 1)ኢ^ኤክስ ነው፤ ቪ ደግሞ −1/(ኤክስ + 1)። በሁለተኛው ኢንተግራል ውስጥ (ኤክስ + 1) ከላይም ከታችም ይጠፋፋና ኢ^ኤክስ ብቻውን ይቆማል። መልሱ ኢ^ኤክስ ለ(ኤክስ + 1) ሲካፈል ነው፤ + ሲ። ፈታኙ መጀመሪያ የጻፈው ይህችን መልስ ብቻ እንደነበረ አሁን ማየት ትችላላችሁ።

በእነዚህ ሁለቱ ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ እኛ መምህራን ለራሳችን ስንሠራ የምንከተለው እርሱን ነው። ዩን አንፈልግም፤ ዲቪን ነው የምንፈልገው። የተራ ፈንክሽኖችን ዴሪቬቲቭ መውሰድ ሁልጊዜ ይቻላል፤ የሚያስቸግረው ኢንተግሬት ማድረግ ነው። ስለዚህ «በእርግጠኝነት ኢንተግሬት ላደርገው የምችለው ትልቁ ቁራጭ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሱ ዲቪ ይሁን፤ የቀረው በሙሉ ዩ ነው። ላይኤትም የምትሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ፊደላት ላይ ያሉት ሳይን፣ ኮሳይንና ኢ^ኤክስ ኢንተግሬት ለመደረግ የማያስቸግሩ ናቸው። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ቃሏ ስትከዳው አይቆምም።

እዚህ ላይ አንድ የጓዳ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኤክስ·ኢ^(ኤክስ²) በሰብስቲትዩሽን በአንድ መስመር የሚፈታ ነው። ታይፕ ሲደረግ ያቺ የፊቷ ኤክስ ብትወድቅ ግን ማንም ሊፈታው የማይችል ጥያቄ ይሆናል። ሳይን ኤክስ ለኤክስ ሲካፈል፣ ኢ^ኤክስ ለኤክስ ሲካፈልም እንደዚያው ናቸው። ለዚህ ነው ጥንቃቄ ያለው የትምህርት ክፍል ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት ጥያቄውን ያላወጣው ሌላ መምህር በባዶ ወረቀት ላይ እንዲፈታው የሚያደርገው። እናንተም ፈተና ላይ ሁሉንም መንገድ ሞክራችሁ አልወጣ ካላችሁ፣ እጃችሁን አንሱና ጥያቄው በትክክል መጻፉን ጠይቁ። ጨዋ ጥያቄ ነው፤ የሚቆጣ ፈታኝ ሊኖር አይገባም።

ኤል.ኤን ኤክስ ብቻውን ሲመጣ ብዙ ተማሪ ሁለት ነገር ያጣበታል፤ ባይ ፓርትስ ብዜት ይፈልጋል ተብሎ ተነግሮታልና። የተደበቀው ሁለተኛ ተባዢ 1 ነው። ዩ ኤል.ኤን ኤክስ፣ ዲቪ ዲኤክስ ሲሆን፣ ኤክስ·ኤል.ኤን ኤክስ − ኤክስ + ሲ ይወጣል። አርክታንጀንትም በዚሁ መንገድ ይፈታል።

ከዚህ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው አንድ ነፃነት አለ፤ መማሪያ መጽሐፎች አልፈውት የሚሄዱት። ዲቪን ኢንተግሬት ስታደርጉ ቪ ላይ የፈለጋችሁትን ኮንስታንት መጨመር ትችላላችሁ። ቀመሩ ለማንኛውም ቪ ይሠራል፤ ዜሮ ኮንስታንት የምንወስደው በልማድ ነው። ∫ ኤክስ·አርክታንጀንት ኤክስ ዲኤክስን ተመልከቱ። ቪን ½ኤክስ² ካላችሁት፣ ሁለተኛው ኢንተግራል ½ኤክስ² ለ(1 + ኤክስ²) ሲካፈል ሆኖ ይመጣና እንደገና ማካፈል ትጀምራላችሁ። ቪን ½(ኤክስ² + 1) ብትሉትስ? የአርክታንጀንት ዴሪቬቲቭ 1/(1 + ኤክስ²) ስለሆነ ሁሉም ተጠፋፍቶ ½ ብቻ ይቀራል። መልሱ ወዲያው ይወጣል፦ ½(ኤክስ² + 1)አርክታንጀንት ኤክስ − ½ኤክስ + ሲ። ኤል.ኤን(ኤክስ + 1) ሲመጣም ቪን ኤክስ ከማለት ኤክስ + 1 በሉት። ተማሪ ይህን በወረቀት ላይ ሲያደርግ ሳይ፣ ቀመሩን ከመሸምደድ አልፎ እንደገባው አውቃለሁ፤ ደስም ይለኛል።

ስለ እርማት ደግሞ። ብዙ ተማሪ በሚወስደው ኮርስ ላይ መምህራን ጥያቄ ተከፋፍለን ነው የምናርመው፤ አንዱ አንዱን ጥያቄ ይይዝና በሁሉም ወረቀት ላይ እርሱን ብቻ ያያል። ይህ ለእናንተ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ አራሚው ያንን ጥያቄ ደጋግሞ ስላየው ስህተቱ የት እንደሚወድቅ ከእናንተ በፊት ያውቃል፤ ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ መቀነስ ምልክቷ ነው። ሁለተኛ፣ ነጥቡ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ለምርጫው፣ ለቀመሩ አጠቃቀም፣ ለሁለተኛው ኢንተግራል፣ ለመጨረሻው መልስ። ዩ፣ ዲዩ፣ ዲቪ እና ቪን በግልጽ ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁ፣ በኋላ ምልክት ቢሳሳትባችሁ እንኳ አራሚው የሠራችሁትን ተከትሎ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ያገኛል። ሁሉን በጭንቅላት ሠርቶ የተሳሳተ መልስ ብቻ ለጻፈ ግን ብንፈልግም የምንሰጠው የለንም። ባይ ፓርትስ ሁለት ጊዜ ሲያስፈልግ የሁለተኛውን ዙር ሙሉ በሙሉ በቅንፍ ክበቡት። ከቅንፉ ውጭ ያለችው መቀነስ ወደ ውስጥ ያሉትን ሁሉ መድረስ አለባት፤ የመጀመሪያዋን ብቻ ነክታ የምትቀርበት ወረቀት ብዙ ነው።

የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ጓዳው ሌላ መልክ አለው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ከሜዳ አይለቀሙም፤ እያንዳንዱ የአንድ የታወቀ ስህተት ውጤት ነው። ∫ ኤክስ·ኢ^(2ኤክስ) ዲኤክስ ብለን እንጠይቅ። ትክክለኛው ½ኤክስ·ኢ^(2ኤክስ) − ¼ኢ^(2ኤክስ) + ሲ ነው። አሁን አሳሳቾቹን እንሥራ። ምልክቷን ለረሳ፣ በመሀል መደመር ያለበትን እንጽፋለን። ኢ^(2ኤክስ)ን ኢንተግሬት ሲያደርግ ለ2 ማካፈልን ጨርሶ ለዘነጋ፣ ኤክስ·ኢ^(2ኤክስ) − ኢ^(2ኤክስ)ን። አንድ ጊዜ አካፍሎ ሁለተኛውን ለዘነጋ፣ ½ኤክስ·ኢ^(2ኤክስ) − ½ኢ^(2ኤክስ)ን። እያንዳንዱን ለብቻ ኢንተግሬት አድርጎ ላባዛ ደግሞ ¼ኤክስ²·ኢ^(2ኤክስ)ን። መልሳችሁ ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም፤ ስህተታችሁም ቀድሞ ታስቦ እዚያ ተቀምጧል።

መከላከያው ዴሪቬቲቭ ነው። ምርጫዎቹን ዲፈረንሺየት አድርጉና ኤክስ·ኢ^(2ኤክስ)ን የሚሰጠውን ያዙ። ጊዜ ካጠረ፣ ዴሪቬቲቩ ውስጥ ኤክስን በቁጥር ተኩና ከጥያቄው ጋር አወዳድሩ። በዚህ ላይ ግን አደራ። ሰው ሁሉ የሚቀለውን 0ን ይተካል፤ 0 ከአሳሳቾቹ ሦስቱን ይጥልላችኋል፤ የመጨረሻዋን ግን አይጥላትም። የእርሷ ዴሪቬቲቭ ½(ኤክስ + ኤክስ²)ኢ^(2ኤክስ) ነው፤ 0 ላይ ከጥያቄው ጋር እኩል ነው። 1ን ብትተኩም እኩል ነው! 2ን ስትተኩ ግን ትጋለጣለች፤ ጥያቄው 2ኢ⁴ ሲሰጥ እርሷ 3ኢ⁴ ትሰጣለች። 0 እና 1 ላይ የምታታልል አሳሳች የሚያስቀምጥ ፈታኝ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ 2ን ወይም −1ን ልመዱ።

ኤክስ²·ሳይን ኤክስ ዓይነት ሲመጣ ተማሪ የሚጠቀምበት የሠንጠረዥ ዘዴ አለ። በግራ ኤክስ²ን ዜሮ እስኪሆን ዴሪቬቲቭ እየወሰዱ መውረድ ነው፦ ኤክስ²፣ 2ኤክስ፣ 2፣ 0። በቀኝ ሳይንን ኢንተግሬት እያደረጉ መውረድ፦ ሳይን ኤክስ፣ −ኮሳይን ኤክስ፣ −ሳይን ኤክስ፣ ኮሳይን ኤክስ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ ማባዛት፣ ምልክቱን መደመር፣ መቀነስ፣ መደመር እያሉ። −ኤክስ²·ኮሳይን ኤክስ + 2ኤክስ·ሳይን ኤክስ + 2ኮሳይን ኤክስ + ሲ። ይህን ምሳሌ በ1988 የወጣው «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» ፊልም ላይ መምህር ሐይሜ ኤስካላንቴን ሆኖ የሚጫወተው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ሰሌዳ ላይ ይሠራዋል። ኤስካላንቴ ከቦሊቪያ የሄደ መምህር ነበር፤ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድሃ ልጆችን ካልኩለስ አስተማረ። በ1982 ለአድቫንስድ ፕሌስመንት የካልኩለስ ፈተና የተቀመጡት 18 ተማሪዎቹ በሙሉ አለፉ። ፈታኙ ድርጅት የ14ቱን ወረቀት ተጠራጠረ። 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፤ ሁሉም ደግመው አለፉ። ወረቀት የማርም ሰው ስለሆንኩ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይከብደኛል። በአንድ መምህር እጅ የሠለጠኑ ልጆች አንድ ዓይነት አሠራር፣ አንድ ዓይነት ስህተት እንኳ ሊኖራቸው ይችላል፤ አራሚ ከመፍረዱ በፊት ይህን ማሰብ ግዴታው ነው።

ሠንጠረዡ ያው ባይ ፓርትስ ነው፤ ምልክቶቹ ቀድመው ስለተሰለፉ ብቻ ስህተት ይቀንሳል። አንዳንድ መምህር ይህን እንደ አቋራጭ ቆጥሮ ነጥብ ይቀንሳል። እኔ አልቀንስም። ግን የምልክቶቹን ዓምድ ሳይጽፉ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ልጆች ጥቅሙን ራሳቸው ያጠፉታል።

ኢ^ኤክስ·ሳይን ኤክስ ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገን አያልቅም። ኢንተግራሉን «ጂ» ብለን እንሰይመው። አንዴ ስንሠራ ኮሳይን ይመጣል፤ ሁለተኛ ስንሠራ ራሱ ጂ ተመልሶ ይመጣል፦ ጂ = ኢ^ኤክስ·ሳይን ኤክስ − ኢ^ኤክስ·ኮሳይን ኤክስ − ጂ። ወደ ግራ አሻግራችሁ ለ2 አካፍሉ፤ አለቀ። የሚያስጠፋው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ሳይንን ዩ ካላችሁ፣ በሁለተኛውም ትሪጎኖሜትሪውን ዩ በሉ። ከቀየራችሁት የሠራችሁትን ታፈርሱታላችሁ፤ ጂ = ጂ ብቻ ይቀራችኋል። የሴካንት ኪዩብም በዚሁ ዙር ይፈታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለፈተና ብቻ ነው ወይ የሚል ተማሪ አለ፤ መልስ ይገባዋል። ባይ ፓርትስ የሚያደርገው ዴሪቬቲቩን እንደ ሸክም ከአንዱ ፈንክሽን ትከሻ አውርዶ በሌላው ላይ መጫን ነው፤ ክፍያው አንዲት የመቀነስ ምልክትና በጫፎቹ ላይ የሚቀረው ዩቪ ነው። ኤክስ^ኤን·ኢ^(−ኤክስ)ን ከ0 እስከ ወሰን የለሽ ኢንተግሬት ስታደርጉ፣ የጫፉ ክፍል በየዙሩ ይጠፋና ኤን ፋክቶሪያል ይወጣል፤ የኦይለር ጋማ ፈንክሽን በዚህ ላይ የቆመ ነው። በ1947 አይቫን ኒቨን ፓይ በክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል በአንድ ገጽ አረጋገጠ፤ ውስጡን ብትከፍቱት ተደጋጋሚ ባይ ፓርትስ ታገኛላችሁ። በ1950 የፊልድስ ሜዳልያ የተሸለመው ሎራን ሽዋርትዝ ዴሪቬቲቭ ለሌላቸው ነገሮች እንኳ ዴሪቬቲቭ ሲሰጥ፣ ሸክሙን ወደ ሌላው ማዛወሩን ራሱን ትርጓሜ አደረገው። ሲቪል ምሕንድስና የምትገቡ ልጆች ደግሞ ድልድይና ምሰሶ በኮምፒዩተር በሚሰላበት የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ውስጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ፈተና ላይ አሰልቺ መስሎ የታያችሁ ዩቪ እዚያ የምሰሶውን ጫፍ የሚይዘው ድጋፍና በጫፉ ላይ የሚያርፈው ጭነት የሚገባበት ቦታ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። በሴሚስተሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰውታችሁ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጥያቄ እንዲያወጡ አድርጉ። መልስ ጽፈው፣ ዴሪቬቲቭ ወስደው፣ ሊሚት መርጠው፣ አሳሳች ምርጫ አስበው ለጎረቤታቸው ይስጡ። በዚያች ሰዓት የሚማሩት ረጅም ዎርክሺት ከሚያስተምራቸው ይበልጣል።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ይህችን ሞክሯት፦ ∫ ሳይን(ኤል.ኤን ኤክስ) ዲኤክስ። ስውሯ 1 አለችባት፤ ጂ ተመልሶ የሚመጣበት ዙርም አለባት። መልሱ ½ኤክስ(ሳይን(ኤል.ኤን ኤክስ) − ኮሳይን(ኤል.ኤን ኤክስ)) + ሲ ነው።